ሰኞ የተነጠፈው በረዶ

ወዳጆቼ፣ አረፍ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ግን ያን ሰኞ ጠዋት እኔ አላረፍኩም፤ እናንተም ትንሽ አብራችሁኝ ሩጡ። የገዳሙን ቁልቁለት ይዣለሁ። እግሬ ላይ ያለው የልብስ ማጠቢያ ቤቱ የእንጨት ጫማ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ክንዴ እስከ ክርኔ ሳሙና ነው፤ ለመጥረግም ጊዜ አላገኘሁም። ጥቅምት አጋማሽ ነው። ሌላ ዓመት ቢሆን ወንዙ ዳር ዳሩን በረዶ ይይዝ ነበር፤ ያን ዓመት ግን በጋው አልሄድም ብሎ ደጃችን ላይ ተቀምጧል። ወንዶቹ በሸሚዝ ናቸው። ዝንቡ እንኳን ገና አላለቀም።

ዓመቱ ሁለተኛው ትልቅ ጦርነት ሊነሳ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አልቤርቲን ላፍራምቧዝ እባላለሁ፤ በቫል-ክላሪስ ከተማ በመነኮሳት እህቶች ገዳም ልብስ አጥባለሁ። የላኩኝ የደብራችን አለቃ አባ ኦቪላ ናቸው። እሳቸው ልብስ ማጠቢያ ቤት ገብተው አያውቁም። ያን ዕለት ግን ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው፣ እንፋሎቱ መሃል ገብተው ቆሙ።

«አልቤርቲን፣ አባትሽን ጥሪልኝ» አሉ። «በረዶው እምቢ አለ በይው።»

«እኔ ብጠራው ይመጣል ብለው ነው አባ?»

«እኔ ብጠራው አይመጣማ። ሩጪ ልጄ።»

እምቢ ያለው የአዲሱ አሬና፣ የሆኪ መጫወቻ አዳራሻችን፣ በረዶ ነው። የእኛ ከተማ ሆኪ፣ ያን በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱትን፣ ካልተጫወተች ክረምቱን እንዴት እንደምታሳልፈው አታውቅም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ከቅዳሴ ቀጥሎ ሰው ሁሉ የሚገናኘው እዚያ ነበር። አሮጌው የእንጨት አሬና ጣራው ከወደቀ ወዲህ፣ ሁለት በጋ ሙሉ ደብሩ በደቦ አዲስ ሲሠራ ቆየ። የወረቀት ፋብሪካው ወንዶች ከፈረቃ ወጥተው ሚስማር ይመታሉ፤ ሴቶቹ የአተር ሾርባ ያመላልሳሉ። አዲሱ ታዲያ የድሮው ዓይነት አይደለም። ከሥሩ፣ አሸዋው ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ ጎረቤት ከተማችን ሉትርቪል ድረስ የሚሄድ ቧንቧ ተጋድሟል። በቧንቧው ውስጥ ማሽን ያቀዘቀዘው የጨው ውሃ ይዞራል። ውጪ ፀሐይ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ ውስጥ በረዶ ይሠራል ተባለ። ማክሰኞ ጳጳሱ መጥተው ሊባርኩት፣ ከቡራኬው በኋላ ከሉትርቪል ጋር ልንጫወት ነው። የሊጉ ሰውዬ ደግሞ ቁርጡን ነግሮናል፤ ማክሰኞ የሚያጫውት በረዶ ከሌለ፣ ዘንድሮ ቡድናችን ሉትርቪል እየሄደ በእነሱ ሜዳ ይጫወታል። ከዚህ የባሰ ውርደት እኛ አናውቅም።

ከሞንትሪያል የመጣው መሐንዲስ፣ ሙሴ ፕሪቻርድ፣ እኛ አቶ ለማለት ሙሴ ነው የምንለው፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ውሃ ለቀቀ። ሦስቴም ያገኘው የቀዘቀዘ ገንፎ ነው።

አባቴን ቴሌስፎርን ጓሮ ድንች ሲቆፍር አገኘሁት።

«አባዬ፣ አባ ኦቪላ ይጠሩሃል። በረዶው እምቢ ብሏቸዋል።»

ቀና አላለም። «ዛሬ ሰኞ አይደል?» አለ። «ሰኞ የእኔ ቀን አይደለም። እኔ አቶ እሁድ ነኝ።»

ይሄን ስም ያወጣለት ከተማው ነው። አባቴ የአሮጌው አሬና በረዶ አንጣፊ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት። በዚያ የካቲት ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ባዘቶ በረዶ ዘነበና ጣራው ላይ ተከመረ። ሦስተኛው ቀን እሁድ ነበር። ማንም ጣራ ላይ ወጥቶ አልጠረገም። ሰኞ ሊነጋ ሲል ጣራው ወረደ። ሰው አልነበረበትም፣ ስሙ ይመስገን። ግን የከተማው ወገብ ተሰበረ። የጣራው ኃላፊ አባቴ ነው፤ ለምን አልጠረግህም ሲሉት «እሁድ ነበር» አለ፣ ከዚያ በላይ አንድም ቃል አልጨመረም። ከዚያ ወዲህ ዳቦ ቤት ሲገባ «አቶ እሁድ፣ ዱቄቱም ዛሬ አርፏል» ይሉታል። ልጆች አካፋ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ፊቱ እየሄዱ ያዛጋሉ። ቤተ ክርስቲያን መጨረሻው ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረ። መንገድ ላይ ሲሄድ የራሱን ጫማ ነው የሚያየው። እኔ ያኔ ከእግዚአብሔር የምለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ባል አልለመንኩም፣ ልብስ አልለመንኩም፤ አባቴ በሰው ፊት ቀና ብሎ እንዲሄድ ብቻ።

«ውሃውን በምንድን ነው የሚያፈሱት?» አለኝ፣ አሁንም ድንቹን እያየ።

«በእሳት አደጋ ቱቦ።»

መቆፈሪያው ቆመ። «በቱቦ? ሁሉንም በአንዴ?»

«በአንዴ።»

«ቀዝቃዛውን?»

«ከወንዙ እንደመጣ።»

አባቴ አማተበ። «ምስኪን ውሃ» አለ፤ መቆፈሪያውን መሬት ላይ ተክሎት ወደ ከብቶቹ ቤት ሄደ። ተከተልኩት። ጥግ ላይ ያ የድሮ ጋሪው ቆሟል፤ ጎማ የለውም፣ በሁለት እንጨት የሚንሸራተት ነው። በላዩ በርሜል፣ ከበርሜሉ ኋላ ብዙ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ፣ ከቧንቧው ሥር መሬት ለመሬት የሚጎተት የሱፍ ብርድ ልብስ። ከፍርስራሹ የወጣው እሱ ብቻ ነው። ጋሪውን ሲያናውጠው በርሜሉ ውስጥ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ እየጮኸች ወጣች።

«ይቅርታ እመቤት» አላት። «ቤትሽን ለአንድ ቀን አበድሪኝ።»

አሬናው በር ላይ ስንደርስ የቡድናችን በረኛ ፎርቱናት ጋሪውን አየና ሳይጠየቅ ገመዱን ተቀበለን። ፎርቱናት የግራ ቅንድቡ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ፓክ ነው የከፈለው። ፓክ የምንላት ያቺን የሚመቷትን ጥቁር የጎማ ክብ ነው። የድሮ በረዶ ከሥሩ አሸዋ ስለሆነ ለሚያየው ሰው ጠቆር፣ አመድማ ይሆንበታል፤ ፓኳም ጥቁር፣ በረዶውም ጥቁር፣ መብራቱም ደብዛዛ። ስትመጣ ያላያት ሰው ስትደርስ ነው የሚያውቃት።

በሩን ከፍተን ገባን።

ወዳጆቼ፣ ይሄን እንዴት ልንገራችሁ? ከኋላዬ ሞቃት ፀሐይ ነው። አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ትንፋሼ ነጭ ሆኖ ከአፌ ወጣ። ብርዱ ከሰማይ አልነበረም፤ ከመሬት ነው የሚነሳው፣ ከእግር ጥፍር ጀምሮ ወደ ላይ። ደፉ ላይ ከውጪ የገቡ ዝንቦች ክንፋቸውን እንደዘረጉ ወድቀዋል። ከወዲያ ከማሽኑ ክፍል፣ ትልቅ እንስሳ ተኝቶ እንደሚተነፍስ ያለ ድምፅ ይመጣል። የጨው ውሃውን ወደ ወለሉ የሚያስገባው ወፍራም ቧንቧ አመዳይ ለብሶ እንደ በግ ፀጉር ነጭ ሆኗል። ጨው ደጃችን ላይ በረዶ ስናሟሟበት የኖርነው ነገር ነው፤ እዚያ ግን ጨው በረዶ ይወልዳል። ቆሜ ቀረሁ። አባቴም ቆቡን አወለቀ። ሃያ ሁለት ዓመት መስኮት ከፍቶ፣ ከእግዚአብሔር ብርድ እየለመነ በረዶ ያነጠፈ ሰው ነው።

ሙሴ ፕሪቻርድ ረጅም ቀይ ሰው ነው፤ ሦስት ቀን አልተኛም፤ ዓይኑ ከፊቱ ይበልጥ ቀይ ነው። እንግሊዝኛ እንጂ የእኛን ፈረንሳይኛ ብዙም አይችልም፤ አባ ኦቪላ ናቸው የሚያስተረጉሙት። አባቴ ሰላምታውን ሰጠና ገንፎው ላይ ሄዶ በሆዱ ተኛ። ጆሮውን ለጠፈ። በጣቱ አንጓ ቆረቆረው። ባዶ ሣጥን ሲመታ የሚሰጠውን ድምፅ ሰጠ።

«ሙሴ፣ ይሄ በረዶ አይደለም» አለ። «የደነገጠ ውሃ ነው። ከሥሩ ቧንቧውን ሲነካ ደንግጦ ይቆማል፤ ከላይ ያለው ምን እንደሆነ አያውቅም፤ መሃል ላይ አየር ይቀራል። ሁሉም ተጠርጎ ይውጣ። ሙቅ ውሃ ነው የሚፈለገው። ስስ አድርጎ፣ ሽፋን በሽፋን፣ ሃያ ጊዜ።»

አባ አስተረጎሙ። መሐንዲሱ ሳቀ። «ሙቅ ውሃ! እኔ የመጣሁት በረዶ ልሠራ ነው ወይስ ሾርባ?»

«ይንገሩት አባ» አለ አባቴ፣ ከተኛበት ሳይነሳ፤ «ሾርባውንማ ሠርቶታል።»

አባ ኦቪላ ይሄኛውን አላስተረጎሙም። ፎርቱናት ግን ስለሳቀ መሐንዲሱ ገባው። ወደ ግድግዳው እያመለከተ የሆነ ነገር ተናገረ። «ይሁን ቢል እንኳ» አሉ አባ፣ «የአሬናው የውሃ ማሞቂያ ገና በባቡር እየመጣ ነው። ሐሙስ ይደርሳል። ሃያ ሽፋን ሙቅ ውሃ ዛሬ ከየት ይመጣል ነው የሚለው።»

እኔ ክንዴን አየሁት፤ ሳሙናው ደርቆ ነጭ ሆኗል።

«ዛሬ ሰኞ ነው» አልኩ።

ዞረው አዩኝ።

«ሰኞ ነው እኮ! ሁሉም ቤት ልብስ እየታጠበ ነው። እያንዳንዱ ምድጃ ላይ ጋን የሚያህል ድስት ተጥዷል።»

በቫል-ክላሪስ ማክሰኞ ልብስ የምታጥብ ሴት የለችም፤ ሰኞ ደግሞ የማታጥብ የለችም። የታመመች ብትሆን ጎረቤቷ ታጥብላታለች። ሰኞ ጠዋት ከተማው ሁሉ ሳሙናና እንፋሎት ነው የሚሸተው።

አባ ኦቪላ ወጥተው ደወሉን ራሳቸው ደወሉት፤ እሳት ሲነሳ እንደሚደወለው አድርገው። ሴቶቹ እጃቸውን እያራገፉ፣ አንዷ ሸሚዝ፣ አንዷ ልጅ አንጠልጥላ መጡ። አባ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆመው ነገሩን ነገሯቸው፤ ሙቅ ውሃ፣ ንጹሕ፣ ሳሙና ያልነካው፣ ያላችሁን ሁሉ፤ በረዶውን ቴሌስፎር ነው የሚያነጥፈው።

ማዳም ፊሎሜን ከፊት ናት። የጋሪ ነጂው ሚስት፣ ስድስት ወንድ ልጆች ያሏት፣ ስድስቱም ሆኪ ተጫዋቾች፤ የመንገዳችን ምላስ እሷ ናት። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ለአቶ እሁድ?» አለች። «የእኔን ውሃ? ከነጋ ጀምሮ እንጨት ፈጅቼ ያፈላሁትን? አባ፣ እሱኮ ጣራችን ሲወድቅ ተጋድሞ ነበር። ልጆቼ ሁለት ክረምት ሜዳ አጥተው ወንዝ ላይ ሲጫወቱ አንዱ ሊሰጥምብኝ ነበር! ይሄን ሰውዬ ውሃ አላጠጣውም።»

ሌሎቹ እውነቷን ነው አሉ። አባቴ ጋሪው ጋ ቆሞ ጫማውን ያያል። ገመዱን ከትከሻው ማውረድ ጀመረ።

«ቆይ ቴሌስፎር» አሉ አባ ኦቪላ። ከደረጃው ወረዱና ከሴቶቹ እኩል ቆሙ። ሲናገሩ ድምፃቸው የስብከት ድምፅ አልነበረም።

«ያን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቴሌስፎር በሬን አንኳኳ። አካፋ ይዞ ነበር። ‹አባ፣ ጣራው እያቃሰተ ነው፤ ይፍቀዱልኝና ስድስት ሰው ይዤ ልውጣ› አለኝ። እኔ በወጣቶቹ ተናድጄ ነበር። ለሆኪው ይመጣሉ፣ ለማታ ጸሎት አይመጡም። ‹ጨዋታ ቤት ነው፣ እስከ ሰኞ ይጠብቃል› አልኩት። ቆቡን አወለቀልኝና ሄደ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እናንተ ስትሰድቡት እሱ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።»

እኔ፣ ልጁ፣ አንድ ቤት ውስጥ አብሬው እየበላሁ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። አባቴን አየሁት። ፊቱ የተናደደ ሰው ይመስላል። «አባ፣ ይሄን መናገር አልነበረብዎትም» አላቸው ቀስ ብሎ። «የደብር አለቃ ነዎት።»

ማዳም ፊሎሜን ሽርጧን አንስታ ፊቷን ጠረገች። ከዚያ፣

«እንግዲህ አባ» አለች፣ «ድስቱ ትልቅ ነው፣ ለብቻዬ አልችለውም። በአንዱ ጆሮው ይያዙልኝ።»

ያን ቀን ያየሁትን ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ከየቤቱ ድስት፣ የመዳብ ጋን፣ የወተት ማመላለሻ ቆርቆሮ፣ የሕፃን መታጠቢያ ሳይቀር ይወጣል። መንገዱ በሙሉ ይጨሳል። ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እየተሳደቡም እየተሳሳቁም፣ «እግሬን! እግሬን አቃጠልሽኝ አንቺ!» እየተባባሉ ወደ አሬናው ይወርዳሉ። ከፈረቃ የወጡ ወንዶች ገንፎውን በአካፋ ጠርገው አውጥተው አሸዋው ታየ። አባቴ በርሜሉን አስሞላ፤ ፎርቱናት ከፊት ገመዱን ሳበ፤ አባቴ ጋሪውን ከኋላ ይዞ፣ ብርድ ልብሱ እንዳይታጠፍ እያየ ሄደ። ሙቁ ውሃ ከብርድ ልብሱ ሥር እንደ ላብ ስስ ሆኖ ይቀራል፣ እንፋሎቱ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ አሸዋው ያብለጨልጫል። ዞሮ ሲጨርስ ቆመና ከኪሱ መቁጠሪያውን አወጣ።

«አሁንስ?» አለ መሐንዲሱ።

«አሁን እንጸልያለን።»

ሰዓት ይዞ አያውቅም አባቴ። በረዶ የሚለካው በመቁጠሪያ ነው። አንድ ሙሉ ዙር ሲያልቅ አንድ ሽፋን ይተኛል፤ ከዚያ ካነሰ ይላላል፣ ከበለጠ ሽፋን ከሽፋን አይያያዝም። የድሮዋን አሬና ሲያነጥፍ ለብቻው ነበር የሚጸልየው። ያን ዕለት ግን ድስት ይዘው የመጡት ሴቶች ወንበሮቹ ላይ ተቀምጠው፣ ትንፋሻቸው ነጭ እየሆነ፣ አብረውት አሉ። ሦስት መቶ ሴት «ሰላም ለኪ» ሲል በእንጨቱ ጣራ ሥር ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። ከታች ማሽኑ ይተነፍሳል፣ ከላይ ጸሎቱ፣ መሃል ላይ ውሃው ዝም ብሎ ይተኛል። ሙሴ ፕሪቻርድ የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ ለካ፤ አስራ ሰባት ደቂቃ። ሁለተኛው ሽፋን፣ አስራ ሰባት። ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ሰዓቱን ኪሱ ከተተና አባ ኦቪላን «መቁጠሪያ» እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቃቸው፤ በደብተሩ ጻፈው።

ስድስተኛው ላይ አባቴ ጆሮውን ለጠፈና ቆረቆረ። ድምፁ ድፍን ሆኗል፤ የቤተ ክርስቲያን ወለል ነው የሚመስለው። ያኔ ቀና ብሎ ወንበሮቹን በሙሉ አያቸው። አንድ ጊዜ ብቻ።

እዚህ ላይ ብትተዉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምክንያቱም ቀጥሎ ያለው የእኔ ጥፋት ነው።

አስራ አንደኛው ሽፋን ላይ የየቤቱ ውሃ አለቀ። ሴቶቹ እንደገና ሊያፈሉ ሄዱ፤ ግን መቁጠሪያው እያለቀ ነው፤ አባቴ ደግሞ ሽፋን ከሽፋን መራቅ የለበትም ብሏል። «ገዳም ትልቅ ጋን አለ!» ብዬ ሮጥኩ። የአለቃዬ የእማሆይ ዞኤ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጥግ ላይ፣ ለብቻው ክዳን ያለው ጋን ይጨሳል። እማሆይ አልነበሩም። ክዳኑን በትንሹ ገልጬ እጄን አቀረብኩ፤ ሙቅ ነው። እንፋሎቱ ዓይኔን ጋረደኝ። ሳሙና አልሸተተኝም። ከሁለት ልጆች ጋር በወተት ቆርቆሮዎች ቀድተን፣ በገዳሙ ፈረስ ጋሪ ጭነን ወረድን፤ በርሜሉ ውስጥ የገለበጥኩት እኔው ነኝ። አባቴ ዞረ። ፎርቱናት ሳበ።

ግማሽ እንደሄዱ ጸሎቱ ከአንድ ወገን መቆም ጀመረ። ከዚያ ከሌላውም ወገን።

ጋሪው ያለፈበት ሁሉ ቀለሙ ተለውጧል። ጠቆር ያለው በረዶ ላይ ነጣ ያለ፣ ሰማያዊ የሆነ ነገር እየተነጠፈ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ? ምን ጨመራችሁ?» ብሎ መሐንዲሱ ጮኸ፤ በራሱ ቋንቋ ነው፣ ግን ሁላችንም ገባን። ወዲያው በሩ ተበርግዶ እማሆይ ዞኤ ገቡ፤ ስልሳ ዓመታቸው ነው፣ ሲሮጡ ያየ ሰው የለም።

«የጳጳሱ ስታርች የት ሄደ?» አሉ፤ ስታርች ልብስ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚነከርበት የዱቄት ውሃ ነው። «ለነገ ነጭ ቀሚሳቸው ያዘጋጀሁት! ልብስ የሚያነጣውን ሰማያዊ ዱቄት ጨምሬ፣ ስታርቹን በጥብጬ፣ ለጸሎት ብዬ ዘወር ስል ጋኑ ባዶ! ማን ነው የወሰደው?»

የጣራው ጥፋት ወድቆበት ኖሮ፣ ዛሬ ገና ቀና ያለውን አባቴን፣ እኔ ልጁ መልሼ ጣልኩት። በረዶው ጠርዝ ላይ ተንበረከክሁ።

«አባዬ ይቅር በለኝ። አላየሁም። አጠፋሁህ።»

ጋሪውን አልለቀቀም፤ የጀመረውን ዙር ጨረሰ፤ ግማሽ ጠቁሮ ግማሽ ነጥቶ መተው አይሆንለትም። ከዚያ እንደ ልማዱ መቁጠሪያውን አወጣ። ማንም አብሮት አላለም። ብቻውን ጸለየ፣ ሙሉውን። ያን አስራ ሰባት ደቂቃ እስከ ዛሬ እቆጥረዋለሁ። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ቆረቆረው። ድፍን ነው። ስታርቹ ስስ ስለነበር በረዶውን አላላላውም።

«ፎርቱናት» አለ፣ «ፓኳን ጣላት እስቲ።»

ፎርቱናት ከኪሱ አውጥቶ መሬት ለመሬት ለቀቃት። ፓኳ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ሄደች። እየሄደች ሳለ፣ ከመጨረሻው፣ ከላይኛው ወንበር፣ የማዳም ፊሎሜን ጩኸት መጣ።

«አየኋት!»

«ምኑን አየሽ?» አለች አንዷ።

«ፓኳን ነዋ! ያቻት ትሄዳለች፣ እዩዋት! እናንተ፣ ባሌ ‹ገባች› ሲለኝ ‹ገባች› እላለሁ እንጂ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አይቻት አላውቅም!»

ሁሉም ብድግ አለ። ሰማያዊ በሆነው ነጭ ላይ ያቺ ጥቁር ነጥብ ግድግዳ መትታ ስትመለስ፣ ሦስት መቶ ራስ አብሯት ይዞራል። ድምፅ የለም። ሰው የሚያምረውን ነገር መጀመሪያ ሲያይ አይጮህም፤ ዝም ነው የሚለው። ምሽቱ ሳይመጣ ያለችው ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ገብታ በረዶው ላይ ወደቀች፤ ወለሉ ሰማይ ሆነ። ሰማይ ላይ ቆመን ነበር፣ እውነቴን ነው። ፎርቱናት የተከፈለ ቅንድቡን በጣቱ ነካ፤ «እንዲህ ባያት ኖሮ» አለ፣ ለራሱ።

ሙሴ ፕሪቻርድ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘው። ምንም አልጻፈም።

አባቴ ወደ እኔ መጣ። እጁ ከብርዱ የተነሳ እንጨት ሆኗል። ከተንበረከክሁበት አነሳኝ።

«አጠፋሁህ ያልሽው ይሄን ነው?» አለ። «ተነሺ። ከላዩ ስምንት ሽፋን ንጹሕ ውሃ ይቀራል። እንደ መስታወት ይሸፍነዋል። እማሆይን ይቅርታ ጠይቂና ውሃ አምጪ። አፍልተሽ፣ ጠይቀሽ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ሃያኛው ተኛ። ማዳም ፊሎሜን በመጨረሻው መቁጠሪያ ድምፅዋ ጠፍቶ፣ በሹክሹክታ ነበር የምትለው። ስትወጣ አባቴ ፊት ቆመች። ይቅርታ ማለት አትችልበትም ነበር፣ አፈሩ ይቅለላት።

«በል እንግዲህ ደህና እደር፣ አቶ ሰኞ» አለችው።

በማግስቱ ጳጳሱ መጡ። ነጭ ቀሚሳቸው ስታርች ስላልነካው ዝልፍልፍ ብሎ፣ የታጠበ ሻሽ መስሎ ተንጠልጥሎባቸዋል። በረዶውን አይተው፣ «ለምን ሰማያዊ ሆነ?» አሉ። አባ ኦቪላ ፈጠን ብለው «የእመቤታችን ቀለም ነው፣ ብፁዕ አባታችን» አሉ። ጳጳሱ ትንሽ አሰቡና ፀበሉን ረጩ። ከዚያ አባ የአሬናውን ቁልፍ በሕዝብ ፊት ለአባቴ ሰጡት። አባቴ ተቀብሎ፣ በአዳራሹ መሃል፣ ከዚህ በር እስከዚያ በር ቀና ብሎ ሄደ። እኔ የለመንኩት ይሄን ነበር፤ ደረሰኝ።

ጨዋታውን አራት ለሦስት ተሸነፍን። ግን አራቱም ሲገቡ አየናቸው። ፎርቱናት እስከ ሞተበት ቀን ድረስ፣ አግብቶኝ አብረን በኖርንበት ቤታችን፣ «ያን አራተኛውን ማየት አልነበረብኝም» ይለኝ ነበር፤ ልጆቻችን ዛሬም በእሱ ይስቃሉ።

እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ አዳራሽ ስትገቡ፣ ሰው መጮህ ሳይጀምር፣ በረዶውን ገና አንድ እግር ሳይነካው፣ እባካችሁ ለአንዲት ሰላም ለኪ ያህል ብቻ ዝም በሉና እዩት። ሃይማኖታችሁ ሌላ ቢሆንም ግድ የለም፤ ዝም ብላችሁ እዩት፣ ከዚያም ስሙን በልባችሁ ጥሩልኝ፤ ቴሌስፎር።